የፌስቡክ አክሲዮን ለምን ወረደ? ሻጩ የሚያውቀውን ገዢው ያውቅ ነበርን?



ፌስቡክ አክሲዮኑን ለሕዝብ የሸጠው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። ግንቦት 10 ቀን 2004 (ሜይ 18፣ 2012) የአንዱ አክሲዮን መሸጫ ዋጋ 38 ዶላር ነበር። ማክሰኞ ነሐሴ 29 ቀን 2004 (ሴፕቴምበር 4፣ 2012) የኒውዮርክ ገበያ ሲዘጋ ዋጋው 17 ዶላር ከ73 ሳንቲም ሆነ። በግንቦት 3,800 ዶላር ከፍሎ 100 አክሲዮን የገዛ ሰው በዚያ ማክሰኞ ቢሸጠው የሚያገኘው 1,773 ዶላር ነበር። ከግማሽ በላይ የሚሆነው ገንዘቡ በወራት ውስጥ ሄዷል።

ነገሩ የአሜሪካ ባለሀብቶች ጉዳይ ብቻ ሊመስለን ይችላል። ነገር ግን በአሜሪካና በአውሮፓ ከሚኖሩ ወንድሞችና እህቶች መካከል በኢንተርኔት አክሲዮን የሚገዙ አሉ። አገር ቤት ያለነውም ብንሆን በዚያን ጊዜ የ«ድምፃችን ይሰማ»ን መልእክት የምንከታተለው በዚሁ በፌስቡክ ነበር። በአገራችንም በዚያን ጊዜ የአክሲዮን ገበያ ባይኖርም፣ ባንኮችና ሌሎች ኩባንያዎች ለሕዝብ የሚሸጡትን አክሲዮን መግዛት እየተለመደ መጥቶ ነበር። ስለዚህ በፌስቡክ ላይ የሆነውን በእርጋታ ማየት ይጠቅመናል። ዋጋ መውረዱ ራሱ ትልቁ ጉዳይ አይደለም። ትልቁ ጉዳይ ከሽያጩ በፊት ማን ምን ያውቅ ነበር የሚለው ነው።

38 ዶላር ከየት መጣ?

አንድ ሱቅ ሊሸጥ ነው እንበል። ሱቁ በዓመት የተጣራ 10,000 ብር ያተርፋል። ባለቤቱ 1,040,000 ብር ካልከፈላችሁኝ አልሸጥም ቢል ምን እንለዋለን? በዚህ ትርፍ ገዢው ያወጣውን ገንዘብ ለመመለስ 104 ዓመት ይፈጅበታል። ይህን ዋጋ የሚከፍል ሰው ካለ፣ የሱቁ ትርፍ በቅርቡ በብዙ እጥፍ ያድጋል ብሎ የሚያምን ሰው ብቻ ነው።

የፌስቡክ ሒሳብም ይኸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 ኩባንያው ያገኘው ገቢ 3.7 ቢሊዮን ዶላር፣ የተጣራ ትርፉ ደግሞ 1 ቢሊዮን ዶላር ነው። በ38 ዶላር ሒሳብ ግን ጠቅላላ ዋጋው 104 ቢሊዮን ዶላር ተባለ። ይህም የአንድ ዓመት ትርፉ 104 እጥፍ ማለት ነው። በዚያው ሰሞን የአፕልና የጉግል አክሲዮኖች የሚሸጡት ከዓመት ትርፋቸው 20 እጥፍ ባልበለጠ ዋጋ ነበር።

እንዲህ ያለውን ዋጋ ሊሸከም የሚችለው ፈጣን ዕድገት ነው። ፌስቡክ በ2011 ገቢውን ካለፈው ዓመት 88 በመቶ አሳድጎ ነበር። ችግሩ ዕድገቱ መቀዝቀዝ መጀመሩ ነው። በ2012 የመጀመሪያ ሦስት ወራት የተገኘው ገቢ ከዚያ በፊት ከነበሩት ሦስት ወራት አንሶ ተገኘ። ከሽያጩ በኋላ በሐምሌ ወር በወጣው ሪፖርት ደግሞ ዕድገቱ ወደ 32 በመቶ ወርዷል፤ ለሠራተኞች በተሰጠ አክሲዮን ወጪ ምክንያትም ኩባንያው በሦስት ወር ውስጥ 157 ሚሊዮን ዶላር ኪሳራ አስመዝግቧል። በማግስቱ አክሲዮኑ 12 በመቶ ገደማ ወደቀ።

ሌላው ስጋት የእጅ ስልክ ነው። የፌስቡክ ገቢ በአብዛኛው የሚገኘው ከማስታወቂያ ነው፤ በ2011 ከጠቅላላ ገቢው 85 በመቶው ከዚያ የመጣ ነበር። ማስታወቂያው ደግሞ በዚያን ጊዜ የሚታየው በኮምፒውተር ነበር። ሰዉ ግን ኮምፒውተሩን እየተወ በስልኩ መጠቀም ጀመረ። ኩባንያው ራሱ በሽያጭ ሰነዱ ላይ ከስልክ ተጠቃሚዎች ይህ ነው የሚባል ገቢ እንደማያገኝ ጽፏል። ሽያጩ ሦስት ቀን ሲቀረው ደግሞ ጄኔራል ሞተርስ የተባለው የመኪና አምራች በፌስቡክ ላይ የሚከፍልበትን ማስታወቂያ ሊያቆም መሆኑ ተሰማ። በዓመት የሚከፍለው 10 ሚሊዮን ዶላር ለፌስቡክ ትንሽ ገንዘብ ቢሆንም፣ «ማስታወቂያው ይሠራል ወይ?» የሚለውን ጥያቄ አደባባይ አወጣው።

ማን ሸጠ?

ብዙ ሰው አንድ ኩባንያ አክሲዮን ለሕዝብ ሲሸጥ ገንዘቡ በሙሉ ለኩባንያው ማስፋፊያ የሚውል ይመስለዋል። በፌስቡክ ሽያጭ እንዲህ አልሆነም። ለገበያ የቀረቡት 421 ሚሊዮን አክሲዮኖች ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ ኩባንያው ያወጣቸው 180 ሚሊዮኑ ብቻ ናቸው። የቀሩት 241 ሚሊዮን አክሲዮኖች የነባር ባለድርሻዎች ነበሩ። በጠቅላላው ከተሰበሰበው 16 ቢሊዮን ዶላር ውስጥ ከ9 ቢሊዮን በላይ የሆነው ወደ ፌስቡክ ካዝና አልገባም፤ ቀደም ብለው የገቡ ባለሀብቶች ይዘውት ወጡ።

እዚህ ላይ ቀኖቹን ማየት ያስፈልጋል። በመጀመሪያ የታሰበው ዋጋ ከ28 እስከ 35 ዶላር ነበር። ሽያጩ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ከ34 እስከ 38 ዶላር ተደረገ። ሁለት ቀን ሲቀረው ደግሞ ነባር ባለድርሻዎች ለመሸጥ ያቀረቡትን ብዛት በመጨመራቸው፣ የሚሸጠው አክሲዮን በ25 በመቶ ገደማ አደገ። ገዢው ዋጋው የተወደደው ዕቃው ተፈላጊ ስለሆነ ነው ብሎ በተሻማበት ሳምንት፣ ዕቃውን ከሁሉም በላይ የሚያውቁት ሰዎች ይበልጥ ለመሸጥ እየተዘጋጁ ነበር።

ይህ ከዚያ በኋላም ቀጥሏል። ነባሮቹ ባለድርሻዎች ለተወሰነ ጊዜ እንዳይሸጡ የሚያግዳቸው ውል የመጀመሪያው ገደብ ነሐሴ 10 ቀን (ኦገስት 16) አበቃ፤ 271 ሚሊዮን አክሲዮኖችም ለመሸጥ ነፃ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ2004 ለፌስቡክ 500,000 ዶላር የሰጠውና በወቅቱ የኩባንያው የቦርድ አባል የነበረው ፒተር ቲል ወዲያውኑ 20 ሚሊዮን አክሲዮን ሸጦ ወደ 400 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ። የቦርድ አባል ይህን ሲያደርግ ከውጭ ያለው ገዢ ምን ብሎ ይጽና? በኖቬምበር 2012 ደግሞ ከዚህ በብዙ የሚበልጥ አክሲዮን ነፃ የሚሆን ነበር። መሥራቹ ማርክ ዙከርበርግ ሴፕቴምበር 4 ቀን 2012 ቢያንስ ለ12 ወራት አክሲዮኑን እንደማይሸጥ ማሳወቁም ይህን ፍርሃት ለማስታገስ ይመስላል።

ማን ያውቅ ነበር?

ዋናው ጥያቄ ግን ይህ ነው። ፌስቡክ ሜይ 9 ቀን በሽያጭ ሰነዱ ላይ ማሻሻያ አስገባ። የስልክ ተጠቃሚው ቁጥር ከማስታወቂያው በፈጠነ ሁኔታ እያደገ መሆኑን የሚገልጽ ነው። ጽሑፉ በሕግ ሰዎች ቋንቋ የተጻፈ፣ ረጅም ሰነድ ውስጥ የገባ ነው። ተራው ሰው አግኝቶ ቢያነበው እንኳ ትርጉሙን ለመረዳት ይቸገራል። በአንጻሩ አክሲዮኑን ከሚያሻሽጡት ባንኮች መካከል የዋነኛው የሞርጋን ስታንሊ፣ እንዲሁም የጄፒ ሞርጋንና የጎልድማን ሳክስ ተንታኞች በዚያው ሰሞን የኩባንያውን የገቢ ግምት ዝቅ አደረጉ። አዲሱ ግምት ለትልልቅ ደንበኞች በቃል እንደተነገረ፣ ለግል ገዢዎች ግን እንዳልደረሰ ከሽያጩ በኋላ በዜና ማሰራጫዎች ተዘገበ። ክስ ለመመሥረት አንድ ሳምንት አልፈጀም። የማሳቹሴትስ ግዛት ባለሥልጣናትም ለሞርጋን ስታንሊ መጥሪያ ላኩ። ባንኩ ሕጉን አክብሬ ነው የሠራሁት ብሎ ነበር። የሕጉን ነገር ለፍርድ ቤት እንተወው።

እኛ ግን ሌላም መለኪያ አለን። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ አንድ ነጋዴ ያከማቸውን እህል አዩ። እጃቸውን ከክምሩ ውስጥ ሲያስገቡ ታችኛው እርጥብ ሆኖ አገኙት። ነጋዴው ዝናብ እንደመታው ተናገረ። እርሳቸውም እርጥቡን ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት፤ የሚያጭበረብርም ከእርሳቸው ወገን እንዳልሆነ ነገሩት። ይህ ሐዲስ በሙስሊም የተዘገበ ነው። እዚህ ላይ ልብ ልንል የሚገባን ነጋዴው ዋሽቶ አልተያዘም። ሲጠየቅ እውነቱን ተናግሯል። ጥፋቱ ጉድለቱ ከሥር ሆኖ ገዢው የሚያየው ደረቁን ብቻ መሆኑ ነው።

ሌላም አለ። ከገጠር ሸቀጥ ይዘው የሚመጡ ነጋዴዎች የገበያውን ዋጋ ሳያውቁ መንገድ ላይ ተቀብሎ መግዛትን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከልክለዋል። እንዲህ የሸጠ ሰው ገበያ ደርሶ ዋጋውን ሲያውቅ ሽያጩን የማፍረስ መብት ተሰጥቶታል። በዚህ ሐዲስ የተበደለው ሻጩ ነው፤ በፌስቡክ ጉዳይ ቅሬታ የሚያሰማው ገዢው ነው። ምክንያቱ ግን አንድ ነው። ከሁለቱ ተገበያዮች አንዱ የሚያውቀውን ሌላው እንዳያውቅ ተደርጎ የሚፈጸም ግብይት ፍትሐዊ አይደለም።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ አንድ ጉዳይ ልጨምር። በመጀመሪያው ቀን ግብይቱ በናስዳክ የኮምፒውተር ብልሽት ምክንያት ግማሽ ሰዓት ዘግይቶ በ42 ዶላር ተጀመረ። ትእዛዛቸው መፈጸም አለመፈጸሙን ለሰዓታት ያላወቁ ብዙዎች ነበሩ። ዋጋው ወደ 38 ዶላር በተጠጋ ቁጥር ግን አሻሻጮቹ ባንኮች ራሳቸው እየገዙ ከዚያ እንዳይወርድ ደግፈው እንደያዙት ተዘግቧል። ቀኑም በ38 ዶላር ከ23 ሳንቲም ተዘጋ። ሰኞ ድጋፉ ሲላላ ወደ 34 ወረደ። በአሜሪካ ሕግ ይህ የተፈቀደ አሠራር ነው። በፊቅህ ግን ዕቃውን ለራሱ ሳይፈልግ ዋጋውን ለሚያስወድድ ሰው «ነጅሽ» የሚባል ክልከላ አለ። የባንኮቹ አሠራር በዚህ ውስጥ ይገባል አይገባም የሚለውን ለዑለማዎች እተወዋለሁ። ሆኖም ዓርብ ዕለት 38ን አይቶ «ገበያው የመሰከረለት ዋጋ ነው» ያለ ገዢ፣ ምስክሩ ሻጩ ራሱ መሆኑን አላወቀም።

የሌላውን ወገንም እንስማ

ለፌስቡክ የሚከራከሩ ሰዎች ያላቸው ምክንያት ቀላል አይደለም። ኩባንያው ባዶ አይደለም። እ.ኤ.አ. በጁን 2012 መጨረሻ በወር የሚጠቀሙት ሰዎች 955 ሚሊዮን ደርሰው ነበር። ከእነዚህ 8.7 በመቶው ተደጋጋሚ ወይም ሐሰተኛ አካውንት እንደሆነ ኩባንያው ራሱ ቢገልጽም፣ የቀረው ቁጥር እጅግ ብዙ ነበር። የስልክ ማስታወቂያውም ከጊዜ በኋላ መንገድ ሊያገኝ ይችል ነበር። ጉግል በ2004 በ85 ዶላር ሲሸጥ ተወደደ ያሉ ነበሩ፤ በሴፕቴምበር 2012 ዋጋው ከ600 ዶላር በላይ ነበር። የፌስቡክም አክሲዮን ከጥቂት ዓመታት በኋላ 38ን አልፎ ሊሄድ ይችል ነበር። የነገውን የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው።

ገዢውም ንጹሕ ነው ማለት አይቻልም። ብዙው ሰው የገዛው ኩባንያውን አጥንቶ አይደለም። ዓርብ ገዝቶ ሰኞ በትርፍ ለመሸጥ ነበር። ሰነዱን አላነበበም፤ ያነበበው ወሬውን ነው። መዲና ውስጥ ዋጋ በተወደደ ጊዜ ሰዎች ዋጋ እንዲተመንላቸው ቢጠይቁ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አልፈቀዱም። ዋጋ ስለወጣና ስለወረደ ብቻ ግፍ ተፈጽሟል አይባልም። ንግድ ትርፍም ኪሳራም ያለበት ነው፤ ኪሳራን አልቀበልም የሚል ሰው ወደ ሪባ እየተጠጋ ነው።

ስለዚህ አክሲዮኑ ነገ ቢወጣም የተነሳው ጥያቄ አይዘጋም። ዋጋው ተመልሶ ቢጨምር፣ በግንቦት የተደበቀ ነገር ከነበረ መደበቁ ትክክል ነበር ማለት አይደለም። እርጥቡ እህል ከሳምንት በኋላ ቢደርቅ ነጋዴው ያን ዕለት ያደረገው አይለወጥም።

የፌስቡክን አክሲዮን መግዛትስ ይቻላል?

ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ በ1992 ጂዳ ላይ ባሳለፈው ውሳኔ፣ ሥራው ሐላል የሆነ ኩባንያ አክሲዮን መግዛት በመሠረቱ የተፈቀደ ነው። ዋና ሥራው ሐላል ሆኖ አንዳንዴ ከወለድ ጋር የሚነካካ ኩባንያ ግን በመሠረቱ አይፈቀድም ብሏል። አዮፊ በሚል አሕጽሮት የሚታወቀው የእስልምና ፋይናንስ የሒሳብ ድርጅት በበኩሉ በገደብ ያቃልላል። በወለድ የተበደረው ገንዘብም ሆነ በወለድ ያስቀመጠው እያንዳንዳቸው ከኩባንያው የገበያ ዋጋ 30 በመቶ እንዳያልፉ፣ ሐራም ገቢውም ከ5 በመቶ እንዳይበልጥ ይጠይቃል፤ ያም ሆኖ ሐራሙ ድርሻ ተሰልቶ መውጣት አለበት።

በፌስቡክ ላይ ሁለት ነገር መታየት አለበት። አንደኛው የሚያስተዋውቀው ምንድነው የሚለው ነው፤ አስተዋዋቂው ብዙ ስለሆነ ሐላሉንና ሐራሙን ለይቶ ማስላት ያስቸግራል። ሁለተኛው በ2012 በእጁ የነበረው 10 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ጥሬ ገንዘብና ወለድ የሚከፍል ሰነድ ነው። የአክሲዮኑ ዋጋ 38 ዶላር ሳለ ይህ ገንዘብ ከገበያ ዋጋው ትንሽ ድርሻ ነበር። ዋጋው ሲወርድ ግን ምጣኔው ከፍ ይላል። በግንቦት ገደቡን አላለፈም የተባለ አክሲዮን በነሐሴ ወደ ገደቡ ሊጠጋ ይችላል። ስለዚህ አንድ ጊዜ «ሐላል ነው» መባሉን ሰምቶ ዝም ማለት አይበቃም፤ አክሲዮን ያለው ሰው የሚያምነውን ዓሊም በየጊዜው መጠየቅ ይኖርበታል። መልሶ ለመሸጥ የገዛ ሰው ዘካም አለበት። ዓመቱ ሲሞላ የሚሰላው በገዛበት ሳይሆን በዕለቱ ባለው የገበያ ዋጋ ነው።

ለእኛ ተጠቃሚዎችስ?

የ2011ን ገቢ በዓመቱ መጨረሻ ለነበሩት 845 ሚሊዮን ተጠቃሚዎች ብናካፍለው ለእያንዳንዱ 4 ዶላር ከ40 ሳንቲም ገደማ ይደርሳል። በ2012 ምንዛሪ በብር 80 አካባቢ ነበር። ከገቢው ግማሽ የሚበልጠው የመጣው ከአሜሪካ ስለሆነ፣ ከአንድ ኢትዮጵያዊ ተጠቃሚ የሚገኘው ከዚህ በጣም ያነሰ መሆኑ ግልጽ ነው። ባለአክሲዮኖች በዚያን ጊዜ ለኩባንያው ይሉት የነበረው ይህን ቁጥር አሳድግ ነው። ሊያድግ የሚችለው ደግሞ ማስታወቂያ በመጨመርና ስለ እያንዳንዳችን ይበልጥ በማወቅ ነው። የምንወደውን፣ የምንከተለውን፣ ከማን ጋር እንደምንነጋገር የሚመዘግበው ገጽ ይህን መረጃ ለገቢ የመጠቀም ግፊቱ ከግንቦት 2004 ወዲህ ጨምሯል። ከድምፁ ከግማሽ በላዩን የያዘው ዙከርበርግ ስለሆነ ባለአክሲዮኑ እንኳ ኩባንያውን ማዘዝ አይችልም። ተጠቃሚውማ ከነጭራሹ ወንበር የለውም።

ይህን የምለው ፌስቡክን እንተው ለማለት አይደለም። ሌላ መድረክ ባጣንበት ወቅት ብዙ ጠቅሞናል። ነገር ግን የሰው ቤት መሆኑን አንርሳ። አድራሻዎቻችንን፣ ጽሑፎቻችንንና ምስሎቻችንን እዚያ ብቻ አናስቀምጥ። የራሳችን ድረ ገጾች፣ ጋዜጦችና ከሁሉም በላይ መስጂዶቻችን ይኑሩን።

አክሲዮን ከመግዛታችን በፊት

ከፌስቡክ ታሪክ ለአገራችንም የሚሆን ትምህርት አለ። በ2012 እኛ ዘንድ የአክሲዮን ገበያ ስላልነበረ አንድ አክሲዮን ዋጋው ቢወርድ እንኳ በየቀኑ የሚነግረን አልነበረም፤ የሚገዛን ሰው ማግኘትም ቀላል አልነበረም። ስለዚህ ጥያቄው መቅደም ያለበት ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት ነው። ኩባንያው ዛሬ የሚያተርፈው ስንት ነው? የተጠየቀው ዋጋ የስንት ዓመት ትርፍ ነው? የምከፍለው ገንዘብ ለሥራው ይውላል ወይስ ቀድሞ የገባ ሰው ይዞት ይወጣል? መሥራቾቹ የራሳቸውን ድርሻ ይዘው ይቆያሉ? የጽሑፍ ሒሳብ አለ ወይስ የቃል ተስፋ ብቻ? «ወንድማችን ነው» ወይም «ለዲን ነው» መባሉ እነዚህን ጥያቄዎች አያስቀርም። እንዲያውም በዲን ስም የሚሸጥ ሰው እርጥቡን እህል ከላይ የማድረግ ኃላፊነቱ ይበረታል።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሻጭና ገዢ እውነት ከተናገሩና ጉድለቱን ከገለጹ ግብይታቸው በረካ እንደሚያገኝ፣ ከደበቁና ከዋሹ ግን በረካው እንደሚጠፋ አስተምረዋል። የፌስቡክ አክሲዮን ዋጋ ነገ ስንት እንደሚሆን ገበያው ይናገራል። እኛ ግን የምንሸጥም ሆነ የምንገዛ ከሆነ፣ ያወቅነውን ሳንደብቅ፣ ያላወቅነውን ሳንጠይቅ አንገበያይ።

አላህ (ሱ.ወ) ሪዝቃችንን ሐላልና በረካ ያለበት ያድርግልን። ወላሁ አዕለም።